ዳርሜንድራ ድሬዳዋ ላይ ስንት ሰው ነበር?

ኅዳር 2 ቀን 2018 ማለዳ ከዚራ አንድ ቁርስ ቤት ፈቲራ አዝዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ስልኩን የሚያገላብጥ የባጃጅ ሾፌር ድንገት ቀና አለ።

«አቦ፣ ዳርሜንድራ ሞተ!»

ሻይ የሚያቀርበው ልጅ የዚህን የህንድ ፊልም ተዋናይ ስም ሰምቶት የሚያውቅ አይመስልም። በሩ አጠገብ ሽርጥ አገልድመው የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«የቱ? የሾሌዩ?»

«አዎ እሱ። ዋላሂ ሞቷል፣ ይኸው ፎቶው።»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና «ጀግና ነበር» አሉ። አብሯቸው የዘመተ ጓድ የሞተባቸው ነው የሚመስሉት።

ፈቲራዬ ሳይደርስ ዜናው ተገለበጠ። ሴት ልጁ አባቷ እያገገመ መሆኑን በኢንስታግራም ጽፋለች። ለካ አንዳንድ የህንድ ቴሌቪዥኖች ተቻኩለው ገድለውታል። የሐዘን መግለጫ የለቀቁ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ የጻፉትን ለማጥፋት ተሯሩጠዋል። ሽማግሌው ተናደዱ። «በባዶ ሆዱ ሰው ታስደነግጣላችሁ?» ብለው ሻያቸውን ጨለጡ።

በ13ኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ የእውነት ሞተ። ያን ቀን ደግሞ የሚያምን ጠፋ። ዜናውን የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለጥፈው ከአክስቴ የመጣው መልስ «ነገ ደግሞ ይነሳል» የሚል ነበር።

90 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት የቀረው ሰው ነው። ዕድሜ ጠግቦ ሄደ ቢባል ያምርበታል። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሬ ውስጥ ያገኘሁትን ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ «ዳርሜንድራ ሲባል ምን ትዝ ይልሃል?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አሸዋ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሸጥ ጠየቅኩ። ሳቢያን ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ጠየቅኩ። ሐረር ስሄድም ፈረስ መጋላ ጠየቅኩ። የሁሉም መልስ ክንድ ነው። ገሚሱ በአፉ እንኳ አይመልስም፣ እጁን አጥፎ ጡንቻውን ያሳየኛል። ከጡንቻው ቀጥሎ የሚመጣው «ሾሌይ» የሚባለው ፊልሙ ላይ ሰክሮ ውሃ ታንከር ላይ የወጣበት ትዕይንት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም።

ሰውየው ከ300 በላይ ፊልም ሠርቷል። የህንድ ጋዜጦች ሲሸኙት ደጋግመው የጻፉት ቃል «ሁለገብ» የሚል ነው። ድራማ ይችላል፣ ቀልድ ይችላል፣ ፍቅር ይችላል፣ ድብድብ ይችላል። እኛ ጋ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለገብነቱ ድሬዳዋ ሳይገባ መንገድ ላይ ቀርቷል። የት ጋ እንደቀረ ልፈልገው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከመነሻው ልጀምር። የፊልሞቹን ዓመት እንደ ፈረንጁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ ይምታታል። ዳርሜንድራ በ1935 ፑንጃብ ውስጥ ሉዲያና አካባቢ ናስራሊ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ፊልምፌር የሚባለው መጽሔት አዲስ ፊት ፍለጋ ባካሄደው ውድድር አሸንፎ ቦምቤይ ገባ፣ በ1960 የመጀመሪያ ፊልሙ ወጣ። በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የምናየው ዳርሜንድራ ጡንቻ ያለው አይመስልም። በ1963ቱ «ባንዲኒ» የእስር ቤት ሐኪም ነው፣ ነፍስ ያጠፋች እስረኛ የሚወድ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ። በ1966ቱ «አኑፓማ» ደራሲ ነው። አባቷ ፊቱን ያዞረባትን፣ ከሰው ጋር መነጋገር የተሳናትን ሴት በትዕግሥት ያናግራታል። ፊልሙ ውስጥ አንድም የሚሰበር ወንበር የለም።

በዚያው ዓመት ሌላ ፊልም ወጣ። «ፑል ኦር ፓታር» ይባላል፣ አበባና ድንጋይ ማለት ነው። እዚያ ላይ ወንጀለኛ ሆኖ ሲሠራ በብርድ የምትንቀጠቀጥ አሮጊት ለማኝ ያያል። ሸሚዙን አውልቆ ያለብሳታል። ትዕይንቱ የተጻፈው ደግነቱን ለማሳየት ነበር። ሕዝቡ ያየው ግን ደረቱን ነው። ከዚያ በኋላ አዘጋጆች ሸሚዙን ለማስወለቅ ሰበብ አላጡም። ሁለገብ ተዋናይ በአንድ መልክ የሚታሰረው እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ በአንድ ሸሚዝ።

ደግነቱ እሱ መታሰሩን እሺ አላለም። በ1969 «ሳትያካም» የሚባል ፊልም ሠራ፣ ጉቦ አልቀበልም ብሎ ኑሮው የተበላሸ መሐንዲስ ሆኖ። ብዙ የፊልም ሐያሲዎች ትልቁ ሥራው ይህ ነው ይላሉ። ገበያው አልሆነለትም።

ከዚያ 1975 መጣ። ይህን ዓመት ትንሽ ቆም ብለን እንየው። በሚያዝያ «ቹፕኬ ቹፕኬ» የሚባል ኮሜዲ ወጣ። በነሐሴ «ሾሌይ» ወጣ። በሁለቱም ውስጥ ዳርሜንድራና አሚታብ ባችቻን አሉ። ያው ሁለት ሰዎች፣ በአራት ወር ልዩነት። ሁለተኛውን ድሬዳዋ ውስጥ ያላየ ሽማግሌ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። የመጀመሪያውን ያየ ግን እስካሁን አንድም አላገኘሁም።

«ቹፕኬ ቹፕኬ» ላይ ዳርሜንድራ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰር ነው። ሚስቱ በጣም የምታደንቀው የእህቷ ባል አለ፣ በጥሩ ሂንዲው የሚኮራ ሰው። ፕሮፌሰሩ ይህን ሰው ሊጫወትበት ሾፌር ነኝ ብሎ ቤቱ ይቀጠራል። ከዚያ ማንም በማይናገረው፣ ከሳንስክሪት በተጨመቀ ሂንዲ ያዋራዋል። በእኛ ብናስበው፣ አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ጠዋት መጥቶ «ጌታዬ፣ ተሽከርካሪው ለጉዞ ተሰናድቷልና በክብር ይሳፈሩ ዘንድ እለምናለሁ» ቢልህ ማለት ነው። አንድ ቀን ያስቃል። በሦስተኛው ቀን ቋንቋህን የምትጠራጠረው አንተ ነህ። በተለይ ድሬ ላይ አስቡት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ዓረብኛ የምናደባልቅበት፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን የምንጠራበት ከተማ። ቀልዱ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ግን አልደረሰንም።

ያልደረሰን ሂንዲ ስለማንሰማ ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ህንድ ለዚህ አካባቢ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። ባቡሩ ድሬዳዋን ከመፍጠሩ በፊት ጀምሮ ህንዳውያን ነጋዴዎች ሐረር ነበሩ። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበት፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም «የራምቦ ቤት» የሚባለው ባለ ቀለም መስተዋት ቤት ራሱ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተውን የሐረር ጦር አካዳሚ ያቋቋሙትና ያስተማሩት የህንድ መኮንኖች ናቸው። የቀድሞ ተማሪ የሆነ ሁሉ ደግሞ ስለ ህንዳዊው የሒሳብ መምህሩ የሚነግርህ ታሪክ አያጣም። ስለዚህ የህንድ ፊልም ወደ ሲኒማ ቤቶቻችን ሲገባ ወደ ዘመድ ቤት እንደመጣ ነው የገባው።

የገባው ግን ያለ ትርጉም ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ የለም። የነበረው አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው ነው። ፊልሙን ሦስት ጊዜ ያየ፣ ጮክ ብሎ «አሁን እናቱን ሊያገኛት ነው፣ አላወቃትም!» የሚል። ይህ ሰው ሂንዲ አይችልም። የሚያስረዳህ ያየውን ነው። ድብድብ ያስረዳል፣ ለቅሶ ያስረዳል፣ ዘፈን ላይ ራሱም ያንጎራጉራል። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን «ዝም ብለው እያወሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አያችሁት? ቡጢ ቀረጥ አይከፍልም። ዘፈንና እንባም አይከፍሉም። የቋንቋ ቀልድና የዝምታ ትወና ግን ኬላ ላይ ይወረሳሉ። የኮንትሮባንድ ከተማ ልጅ ነኝና ይህን አነጋገር ይቅር በሉኝ። «አኑፓማ» እና «ሳትያካም» ኬላ ላይ ከተወረሱት ናቸው። «ሾሌይ» አለፈ።

ለነገሩ «ሾሌይ» ማለፍ ይገባዋል። ሰው ረስቶት እንጂ የዳርሜንድራ ሁለገብነት እዚያም ውስጥ አለ። ቪሩ ሆኖ ሲሠራ ሴት ለማሳቅ ይቀላምዳል። ከወንበዴ ጋር ይተኳኮሳል። ታንከሩ ላይ ወጥቶ ካላጋባችሁኝ እዘላለሁ እያለ መንደሩን ሲያተራምስ ደግሞ ትልቅ ኮሜዲያን ነው። ሰካራም መምሰል ቀላል ይመስላል። መውደቅ እየፈለገ የማይወድቅ፣ እየፎከረ መሰላሉን የሚፈራ ሰካራም መሥራት ግን ሙያ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ጓደኛው እቅፉ ውስጥ ሲሞት ያ ቀልደኛ ፊት የት እንደገባ አይታወቅም። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰው ይሆናል። እኛ የያዝነው አንዱን ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ሕግ ማንሳት አለብኝ። ልጆች ሆነን «አክተር» ማለት ትወና የሚሠራ ሰው ማለት አልነበረም። ዋናው ሰውዬ ማለት ነው። እና አክተር አይሞትም። ይህ ሕግ ነው። «ሾሌይ» ላይ ሁለት አክተር ስላለ ጠብ ተነሳ። አሚታብ ነው አክተሩ የሚሉ ነበሩ፣ ቁመቱንና ዝምታውን ወደው። ግን ሞተ። በሕጉ መሠረት አክተርነቱ ለዳርሜንድራ ጸና። ታላላቆቻችን በዚህ የተነሳ ገንደ ቆሬ ሜዳ ላይ በድንጋይ የተፈነካከቱ ይመስለኛል። አክስቴ «ነገ ደግሞ ይነሳል» ስትል ቀልድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ስታድግ የተማረችው እንደዚያ ነው።

የድምፁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ድሬ ውስጥ ዳርሜንድራን የሚያስታውስ ሁሉ ሁለቱ ጓደኛሞች በሞተር ሳይክል እየሄዱ የሚዘፍኑትን ዘፈን ያንጎራጉራል። ዘፋኞቹ ግን እነሱ አይደሉም። ለዳርሜንድራ የዘፈነው ኪሾር ኩማር ነው፣ ለአሚታብ ደግሞ ማና ዴይ። ሞሐመድ ራፊም ስንት ፊልም ላይ ዘፍኖለታል። የህንድ ተዋናይ በሰው ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። በኋላ በቪዲዮ ቤቶቹ ዘመን፣ ቀጥሎም በአማርኛ ትርጉም ዘመን፣ የሚናገርበትም ድምፅ የሰው ሆነ። አንድ ተራኪ ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ወንበዴውንም፣ ሙሽራይቱንም በራሱ ድምፅ ያስኬዳቸዋል። እኔ ትርጉም ፊልም እወዳለሁ፣ አልዋሽም። አንዳንዱ ተርጓሚ ከዋናው ያስቃል። ግን ተዋናዩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ተርጓሚው አብሮት ዝቅ አይልም። የዳርሜንድራ ግማሽ ትወና ያለው እዚያ ዝቅታ ውስጥ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ያየነው «ሾሌይ» ራሱ ደራሲዎቹ የጻፉት አልነበረም። ፊልሙ የወጣው ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ባወጀችበት ክረምት ነው። በመጀመሪያው መጨረሻ እጆቹ የተቆረጡት ታኩር ወንበዴውን ጋባርን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱሩ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ፣ ይቅርታ በእግሩ፣ ሊወስድ አይችልም አለ። ስለዚህ ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ፣ ፖሊስ ደርሶ ወንበዴውን የሚወስድበት። በ2025 ፊልሙ 50 ዓመት ሲሞላው ከነመጀመሪያው መጨረሻ ታድሶ ጣሊያን ቦሎኛ ላይ ታየ። ዋናው ኔጋቲቭ ክፉኛ ተበላሽቶ ስለነበር አዳሾቹ ከሌሎች ቅጂዎች ነው የሠሩት። እዚያ እንኳ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሲኒማ ቤት የታየ ፊልም ለጥቂት ነው ያመለጠው።

ይህን ስሰማ ሐሳቤ ወደ ቤት ይመለሳል። ወጋየሁ ንጋቱን ያዩ ሰዎች መድረክ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እጃቸውን እያወናጨፉ ይነግሩሃል። ለእኔ ግን ወጋየሁ የሬዲዮ ድምፅ ነው፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚተርክ። ፊቱን በፎቶ ነው የማውቀው። ነገሩ የዳርሜንድራ ግልባጭ ነው። ከአንዱ ድምፁን ትቶ ፊቱ ቀረልኝ፣ ከሌላው ፊቱን ትቶ ድምፁ። ሁለቱም ሁለገብ ነበሩ ሲባል የማምነው ሰው ስለነገረኝ ነው። ልዩነቱ ዳርሜንድራን መጠራጠር ከፈለግኩ «ባንዲኒ»ን ዛሬ ማታ ስልኬ ላይ ከፍቼ ማየት እችላለሁ። የወጋየሁን መድረክ የምከፍትበት ስልክ የለም።

የዳርሜንድራ ቀብር አጭር ነበር። በሞተበት ቀን እዚያው ሙምባይ ውስጥ አስከሬኑ በእሳት ተሸኘ፣ ብዙ አድናቂዎቹ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሰሙት። ቅር የተሰኘ ብዙ ነው። እኔ ቤተሰቡን አልፈርድባቸውም። በሕይወት ያለ አባትህን አገር ሙሉ ገድሎት፣ ካሜራ ደጅህ ላይ ተደርድሮ ሲሰነብት፣ የምር ሲሞት በር መዝጋት ያምርሃል። እኛማ ሌላ ለምደናል። አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲሞት ወደ ተወለደባት ድሬዳዋ ነው የመጣው፣ ከተማው ወጥቶ ቀበረው። ሰው አልቅሶ ወጣለት። ለዳርሜንድራ ድንኳን የሚጥል የለም። በስልክ ትሰማለህ፣ በስልክ ታዝናለህ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የባጃጅ ነዳጅ ወሬ ነው።

ፊልምፌር በውድድር የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ሰጥቶት አያውቅም። በ1997 ብቻ የሕይወት ዘመን ሽልማት ሰጠው። የገዛ አገሩም ጡንቻውን አይቶ ነው ያለፈው ማለት ነው፣ ሂንዲ እየሰማ። ኬላው እኛ ጋ ብቻ አልነበረም። በ2023 በሠራው ፊልም ደግሞ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ፣ ሁሉን የረሳ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ከሕይወቱ ሁሉ የሚያስታውሰው አንዲት የድሮ ፍቅረኛውን ብቻ ነው። የሚናገረው ጥቂት ነው። ዓይኑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። 60 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያንን የእስር ቤት ሐኪም ይዞት የተመለሰ መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ ቤት ሄድኩ። በርጫው ላይ ነው፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሏል። አጎቴ ዳርሜንድራ ሲነሳ ጡንቻውን ከሚያሳዩት አንዱ ነው፣ ምንም እንኳ አሁን የሚያሳየው ነገር ባይኖረውም። ላፕቶፔን ከፍቼ «ሳትያካም»ን አስጀመርኩለት። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግረዋለሁ። ያ ድሮ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰውዬ ሆንኩለት ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ሰዓት ተቁነጠነጠ። «መቼ ነው የሚማታው?» አለኝ።

«አይማታም።»

«እንዴት አይማታም? ዳርሜንድራ አይደለም እንዴ?»

መሐንዲሱ አልፈርምም ብሎ ሥራውን ሲለቅ ዝም አለ። ሁለተኛውንም ሥራ ሲለቅ ከፍራሹ ቀና ብሎ ተቀመጠ። አጎቴ በወጣትነቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ለምን እንደለቀቀ ቤታችን ውስጥ በግልጽ ተነግሮ አያውቅም። ጫቱን መቀንጠስ ትቷል። መሐንዲሱ መሳል ሲጀምር ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ጠየቀኝ።

«ሊሞት ነው?»

«ዝም ብለህ እይ።»

«አክተሩ እኮ ነው።»

መልስ ሳልሰጠው መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ እሱም አብሮ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ክብሪት ሲፈልግ ይሰማኛል።

«እንዳትሄድ» አለኝ። «እስኪመጣ እንጠብቃለን።»